ከግራ ሦስተኛው ቀዳዳ

«ሰውየው ውሸታም ነበር፤ አለቀ ደቀቀ።»

ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ በዓይኗ እየፈለገች ነበር። ሰውየው የተባለው ጎረቤት አይደለም፤ የቤት አከራይም አይደለም። የእናቷ አባት፣ አያቷ ነው። ተናጋሪው ደግሞ የሰውየው የበኩር ልጅ፣ አጎቷ። አጎቷ አባቱን «አባቴ» ብሎ ሲጠራ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም፤ በሕይወት እያለ ሰውየው ነበር፣ ከሞተም በኋላ ሰውየው ነው። ከከተማው ሌላ ዳር ተነስቶ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ በዚህ ማለዳ እህቱ ቤት የተገኘው ናፍቆት ገፍቶት እንዳልሆነ ከአቀማመጡ ያስታውቃል። ኮቱን አላወለቀም። የቀረበለትን ሻይ በማንኪያ ያማስላል እንጂ አይጠጣም። እናቷ በበኩሏ ለማታው የፎቶ ኤግዚቢሽን የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትተኩሳለች። ካውያው ከወንድሟ ብርጭቆ ጎን ሽው እያለ ያልፋል፤ «እስቲ ብርጭቆህን ገፋ አድርግልኝ» ግን አትለውም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ስለ ዘይት መወደድና ስለ ጉልበት ሕመም ካልሆነ በቀር ተነጋግረው አያውቁም። ዛሬ ግን አጎቷ የተቀበረውን ነገር ሊቆፍር ነው የመጣው።

«እዚያ አዳራሽ ሄደሽ፣ ሰው ሁሉ ፊት ጣትሽን ቀስረሽ፣ መሳቂያ እንዳታደርጊን» አለ።

«የምቀስርበት ነገር ስላለ ነው የምቀስረው።»

«ምን አለና?»

«እጁ አለ» አለች እናቷ፣ ካውያውን ሳታቆም። «ከግራ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የነገረኝ። አንተን እንዳይነግርህ አንተ ገና በአሥር ዓመትህ ጆሮህን ደፍነህበታል።»

ነገሩ ወዲህ ነው። በጦርነቱ ዘመን ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ በተሠራው ምሽግ ውስጥ እስረኞች ድንጋይ ይሸከሙ ነበር፤ አያትየው ከእነሱ አንዱ ነበርኩ ይል ነበር። አንድ ቀን ምሽጉን ፎቶ የሚያነሳ ሰው መጣ። የምሽጉ አዛዥ ሥዕሉ እንዳይቆሽሽበት እስረኞቹን በሙሉ ከግንቡ ውስጥ አስገብቶ አስዘጋባቸው። አያትየው ግን በድንጋይ የተቀጠቀጠ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እጁን በጠመንጃ ማነጣጠሪያው ቀዳዳ፣ ከውጭ ሲታይ ከግራ በሦስተኛው፣ ሾልኮ እስኪወጣ ድረስ አውጥቶ ቆመ። እንደ እሱ አባባል የዚያን ቀን ሥራው ያ ብቻ ነበር። ከጦርነቱ የተረፉት ሰዎች ሲመለሱ ግን አንዳቸውም አላወቁትም። ዘመድ ቤት ቆጥ ላይ ተደብቆ ከርሞ ነው ተባለ፤ ወሬው በሰፈሩ ተዛመተና በልጁ ላይ አረፈ። ትምህርት ቤት ልጆቹ አጎቷን «ምሽጉ» እያሉ ሲጠሩት፣ ሲደበድብና ሲደበደብ ነው ያደገው። ዛሬም ድረስ የዕድሜ እኩዮቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት «ምሽጉ፣ እንዴት ነህ?» ይሉታል፤ ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን እራቱን አይበላም።

እሷ በሁለቱ ጭቅጭቅ መሐል ይህን ታሪክ ሙሉውን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። በአያቷ ቀብር ዕለት አጎቷ እናቷን «ይህን ተረት ለልጆች እንዳታወርሺ» ብሎ አስምሏት ኖሯል። ስለዚህ እናቷ ዝም አለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ፣ እናቷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልጅቷ «ኤግዚቢሽን ላይ የሚወጡ የድሮ ፎቶዎች እያጸዳሁ ነው፣ የምሽግ» ብላ ስትነግራት እንኳ እናቷ ቢላዋዋን አንዴ አቁማ «የኛው ምሽግ?» አለችና፣ «አዎ» ስትላት ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ያንን ፎቶ ታስታውሰዋለች። ሦስተኛውንም ቀዳዳ ታስታውሰዋለች። ቀዳዳው አፍ ላይ የነበረችውን ነጭ ነገር ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ታስታውሳታለች፤ ያጠፋቻት እሷ ናትና።

«ቁርስ አትቀምሺም እንዴ?» አለች እናቷ የጫማዋን ኮቴ ሰምታ።

«ረፍዶብኛል እማ!» ብላ እግሬ አውጪኝ አለች።

ሥራ ቦታ ቅብጥብጧ ነው የሚሏት። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ስልክ ስታወራ ክፍሉን ትዞራለች፣ ወረፋ ስትይዝ ከፊትም ከኋላም ካለው ሰው ጋር ትጨቃጨቃለች። እንደ ዕድል ሆኖ የያዘችው ሥራ ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተሰክቶ መዋል ነው። ፎቶ ቤቱ ከታች ሰርግና ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ እሷ ከላይ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ያረጁ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ታድሳለች። ታክሲ ውስጥ ሰዉ ስለ ታሪፍ መጨመር ከረዳቱ ጋር ሲነታረክ፣ እሷ ጥፍሯን እየበላች የዚያን ቀን ሥራዋን ከመጀመሪያው ጀምራ ታስበው ነበር። ፎቶው ከፊልሙ ወደ ወረቀት ሲታተም ኔጋቲቩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ብርሃን ይከለክላል፤ ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የእሷ ዓይን ነጭ ነጥብ አዳኝ ነው። ሥዕሉን ቁርጥራጭ እስኪመስል ድረስ ታጎላዋለች፣ ከጥግ ትጀምራለች፣ ነጭ ባየች ቁጥር ጠቅ ታደርጋለች፤ ነጩ ይጠፋል፣ ዙሪያው ያለው ቀለም ይተካዋል። ግንብ ይሁን ሰማይ፣ ሰው ይሁን ዛፍ፣ በዚያ ሰዓት አታየውም። ያቺኛዋን ያስታወሰቻት ከሌሎቹ ረዘም ስላለች ነበር። «አንቺ ደግሞ ቁመት አወጣሽ» ብላት ነበር፣ ብቻዋን ስትሠራ ከአቧራ ጋር ማውራት ልማዷ ነውና። ከዚያ ጠቅ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቆጣቢው ይባላል። መብራት ይቆጥባል፣ ወረቀት ይቆጥባል፣ ሰላምታም ይቆጥባል። ስትደርስ በሩን ከፍቶ አልጨረሰም፤ በጎኑ አልፋ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። የታደሰው ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ከመታደሱ በፊት የነበረው ግን የለም። ቆጣቢው ማታ ማታ የጸዱትን ካየ በኋላ ያልጸዱትን እየሰረዘ ቦታ ያስለቅቃል። ይህን ልማዱን ታውቃለች፤ ለዓመታት አብራው ስትሰርዝ ኖራለች፤ ዛሬ ግን ያየችውን ማመን አቅቷት የተጣለ ነገር የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ ደጋግማ ከፈተች። ባዶ ነው።

«ቆሻሻውን ምን ሊያደርግልሽ?» አላት ቆጣቢው፣ በሩ ላይ ቆሞ። «ንጹሑ አለ አይደል?»

ነገረችው። ሁሉንም አይደለም፤ አንድ ነጭ ነገር በስህተት አጥፍቻለሁ፣ የሰው እጅ ሳይሆን አይቀርም አለችው። ቆጣቢው አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ ትልቁ ፎቶ ሌሊቱን ታትሞ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ፣ አሁን የሚሆን ነገር እንደሌለ አስረዳት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሰውየው ክፋት ስለሌለበት፣ መላ ፈለገላት፤ «አንድ ነጭ ቀለም ይዘሽ ሂጂና ጠብ አድርጊባት። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!» ብላው ወረደች።

የቀረው ባለአልበሙ ነበር። ጡረታ የወጣ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ፎቶዎቹን ከነአልበማቸው ከዓመታት በፊት ገዝቷቸው እንደ ልጅ ነው የሚያሳድጋቸው። ለሥራው ሲያመጣቸው እንኳ ጥሎ አልሄደም፤ እያንዳንዱ ፎቶ በካሜራ ተነስቶ ወደ አልበሙ እስኪመለስ ጎኗ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ዋናው ወረቀት እዚህ ነው፤ እጁም እዚህ ነው። ዳግም ታነሳዋለች፣ እስከ ማታ ታሳትመዋለች፣ ቆጣቢው ወረቀቱን ከደሞዜ ይቁረጥ። እናቷ ፎቶው ፊት ስትቆም እጁ እዚያ ይኖራል፣ አጎቷም ያየዋል። ይህን እያሰበች በሩን ስታንኳኳ ፈገግ ብላ ነበር።

ሽማግሌው ጫማዋን አስወልቆ፣ ነጠላ ጫማ ሰጥቶ አስገባት። ክፍሉ የመድኃኒት ቤት ሽታ አለው፤ መሳቢያዎቹ ሁሉ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ምን እንደያዙ ተለጥፎባቸዋል፣ መጋረጃው ፀሐይ እንዳያስገባ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ውሃ ካልጠጣሽ፣ ካልተቀመጥሽ አላት። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። አልበሙን በሁለት እጁ አቅፎ ሲያመጣ ፊቱ ላይ ነገር የደበቀ ሕፃን ልጅ ፈገግታ ነበረበት።

«መምጣትሽ ጥሩ ሆነ፤ ለሌላ ሰው ባሳየው አይገባውም» አለ። «አንቺ ያጸዳሽውን ሳይ የኔዎቹ አሳፈሩኝ። እንዲያ ፏ ብለው፣ እነዚህ እንዲህ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተዥጎርጉረው! እንቅልፍ ነሳኝ። ቀጭን ብሩሽ አለኝ፣ የጥንት ቀለም አለኝ። ቁጭ ብዬ ነጭ ነጯን አንድ በአንድ ደፈንኩልሽ።»

ማጉያ መነጽሩን ከእጁ መንጭቃ ልትወስድ ምንም አልቀራት። ምሽጉ መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ ተዘርግቷል፤ ግንቡ፣ ከግንቡ በታች የተረበረበው ድንጋይ፣ ጥቋቁሮቹ ቀዳዳዎች በረድፍ። ከግራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው አፍ ላይ አንዲት ያበጠች የቀለም ጠብታ ደርቃ ታብለጨልጫለች። የመድኃኒት ቀማሚ እጅ ነው፤ አላለፈም፣ አልጎደለም። ጨርቅ አርጥባ ብታሸው ከቀለሙ ጋር ፎቶውም እንደሚላጥ ሙያዋ ስለሆነ ታውቃለች። ሽማግሌው ለዓመታት ያልነካውን ፎቶ ያስነካው የእሷ ንጽሕና መሆኑን ስታስብ እንባዋ መጣ።

«ምነው? አበላሸሁ እንዴ?» አለ ሽማግሌው፣ ፈገግታው ቀስ እያለ እየረገፈ።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። መጋረጃውን አየች፣ የተለጠፉትን ወረቀቶች አየች፣ ብሩሹን ለማሳየት የዘረጋውን እጅ አየች።

«አይ ጋሼ፣ ጥሩ አድርገው ነው የደፈኑት» አለችው።

ከዚያ በኋላ የት የት እንደሄደች እሷም በደንብ አታውቀውም። ቀኑን በእግሯ በላችው። ባንድ መንገድ ትጀምርና ትመለሳለች፣ ምሳ አዝዛ ሳይመጣ ተነስታ ትወጣለች፣ የአስተናጋጇ ስድብ እስከ መታጠፊያው ይከተላታል። እናቷ ደወለች፤ አላነሳችም። እንደገና ስትደውል አነሳችው። እናቷ የጠየቀችው ሰማያዊው ቀሚስ ላይ የቱ ጫማ እንደሚሄድ ብቻ ነበር፤ ድምጿ እንደ ልጃገረድ ድምጽ ቀሎ ነበር። «ጥቁሩ» አለቻትና ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገብታ ነጭ ቀለም ያለው ብዕር ገዛች። ስትገዛው ምንም አላሰበችም ማለት ውሸት ነው፤ አስባለች። እናቷ ይህን ምስጢር ይዛ ዓመታት ኖራለች፣ ለአንድ ምሽት አንዲት ነጭ ጠብታ ብትሰጣት ማንን ይጎዳል?

አዳራሹ ስትደርስ ገና በሩ አልተከፈተም። ዘበኛው በፎቶ ቤቱ መታወቂያዋ አስገባት። ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ስለ ኳስ እየተጨቃጨቁ ነበርና ልብ ያላት የለም። ምሽጉ ከዳር እስከ ዳር መጨረሻውን ግድግዳ ይዞታል፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ነጭ ነጥብ የለበትም። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ እሷ የምታየው ሁልጊዜ ቁርጥራጩን ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ደረቷ ላይ ይደርሳል። ዙሪያዋን ገላመጠች፣ የብዕሩን ክዳን በጥርሷ ነቀለች፣ እጇን አነሳች። ከኋላዋ ያለው የጣሪያ መብራት የእጇን ጥላ ግንቡ ላይ ጣለው። ያኔ የአጎቷ ድምጽ ጆሮዋ ውስጥ መጣ፤ ውሸታም ነበር፣ አለቀ ደቀቀ። ይህቺን ጠብታ ከጣለች አጎቷ እውነተኛ ሊሆን ነው። አያቷም፣ እናቷም፣ እሷም ውሸታም ሊሆኑ ነው፤ ያውም በገዛ እጇ። እጇን አወረደችው።

የእጇ ጥላ ከግንቡ ላይ ወረደ። አንድ ጥላ ግን ቀረ።

ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች፣ እንደገና ቀረበች። ከሦስተኛው ቀዳዳ በታች፣ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ዘመም ብሎ፣ ግንቡ ላይ አንድ ጥቁረት አለ። የተዘረጋ መዳፍ ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ የጨርቅ ዘለላ የመሰለ ቀጭን ነገር አለበት። የሌሎቹ ቀዳዳዎች ግርጌ ባዶ ነው። ነጭ ነው የምታድነው፤ ጥቁር አትነካም። ሽማግሌውም የደፈነው ነጩን ነው። ሁለቱም እጁን ሲያጠፉ ጥላውን አላዩትም። አቧራ ደግሞ ግንብ ላይ ጥላ አይጥልም። ብዕሩን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

እናቷና አጎቷ አብረው መጡ፤ ማለትም እናቷ ከፊት፣ አጎቷ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ፣ የማያውቃት ሰው መስሎ። ሰማያዊው ቀሚስ፣ ጥቁሩ ጫማ። እናቷ ሰላም ያሏትን ሰዎች ሳታይ፣ ሌሎቹን ፎቶዎች ሳታይ፣ በአዳራሹ መሐል ሰንጥቃ መጥታ ትልቁ ምሽግ ፊት ቆመች። ሰው ይሰማኛል ሳትል ጣቷን ቀስራ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከግራ እንደገና ጀመረች። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከቀኝም ሞከረች። ከዚያ ጣቷ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«የለም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «አባባ፣ የለም።»

አጎቷ ተጠጋ። ደስ ይለዋል ብላ ጠብቃ ነበር ቅብጥብጧ፤ አላለውም። ባረጀ ፊቱ ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው። ሊሳለቅበት የመጣውን ነገር እሱም በልቡ አንድ ጥግ ሲጠብቀው እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት። «በቃ፣ እንሂድ» አለ እህቱን፣ ክንዷን ይዞ። «አልኩሽ እኮ።»

«ነበረ» አለች ቅብጥብጧ።

ሁለቱም ዞሩ።

«እማ፣ ነበረ። አቧራ መስሎኝ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነጭ ነበር፣ ረዘም ያለ ነበር። አልነገርሽኝማ! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ!» ድምጿ ከፍ ብሎ ሰው ዞረባት፤ ግድ አልሰጣትም። «ዋናውም ተደፍኗል። መመለሻ የለውም። ጥላው ግን ይኸው። እዩት፣ ከቀዳዳው በታች። እዩት በሞቴ!»

እናቷ አየችው። ጣቷን አላነሳችም፣ አላለቀሰችም፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ሳትሳሳለት አጠፍ ብላ፣ ፊቷን ጥላው ድረስ ወሰደችና እዚያው ቆየች። አጎቷ መነጽሩን ፈለገ፤ ከኮቱ አንዱ ኪስ ወደ ሌላው፣ ያገኘውን መነጽር ሳያጠልቅ ቀረ። የራሱን እጅ ቀስ ብሎ አነሳ። ጣቶቹን ዘረጋቸው፣ መዳፉን ወደ ታች ዘንበል አደረገው፣ ግንቡ ላይ ያለውን ጥላ የሚመስል ጥላ እስኪወጣለት ድረስ ደጋግሞ አስተካከለው። ሲያገኘው አልተንቀሳቀሰም። ከኋላቸው የአዳራሹ ሰው እየበዛ፣ ማይክራፎን እየተሞከረ ነበር። ከዚያ እጁን እንዳነሳ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ፤ ዓይኑ በቁጣ ቀልቶ ነበር።

«የአባቴን እጅ» አላት፣ «የት ጣልሽው?»